በጅማ ጎዳና ለሚነሳ ፎቶ ሌንስና ካሜራ አመራረጥ

በጅማ ከተማ ፎቶግራፍ የሚወዱ ወጣቶች ካሜራ ለመግዛት ሲነሱ አስቀድመው የሚጠይቁት የካሜራውን ስም ነው፤ ካኖን ይሻላል ወይስ ኒኮን፣ ሶኒ ይሻላል ወይስ ፉጂፊልም እያሉ ይከራከራሉ። ለሠርግ ወይም ለስቱዲዮ ሥራ ይህ ክርክር የራሱ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ሰው ሳይዘጋጅ፣ ለካሜራ ብሎ ፊቱን ሳያስተካክል፣ በየመንገዱና በየገበያው በሥራው ላይ እንዳለ ለሚነሳ ፎቶ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ሥራ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ከሚነሳው ሰው ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም ነው። ርቀቱ ሌንሱን ይወስናል፤ ሌንሱ ደግሞ የካሜራውን ዓይነትና መጠን ይወስናል፤ የአምራቹ ስም የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሌንስ ላይ የሚታተመው የሚሊ ሜትር ቁጥር፣ ማለትም 28፣ 35፣ 50፣ 85 ወይም 200፣ የትኩረት ርቀት ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፊ ሥፍራ ይይዛል፤ በጨመረ መጠን እይታውን አጥብቦ ሩቁን ያቀርባል። የመማሪያ ጽሑፎች ይህን በዲግሪ ይገልጹታል፤ መንገድ ላይ ለሚቆም ሰው ግን በሜትር ቢነገረው ይበልጥ ይገባዋል። ፉል ፍሬም በሚባለው፣ ወርዱ 36፣ ቁመቱ 24 ሚሊ ሜትር በሆነ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል በሚሠራው የካሜራው ክፍል)፣ ካሜራው አግድም ተይዞ፣ የቆመ አዋቂ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ፣ ከላይና ከታች ጥቂት ክፍተት ተርፎለት እንዲገባ ቢፈለግ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሰውየው 2.3 ሜትር ያህል፣ በ35 ሦስት ሜትር ገደማ፣ በ50 ከአራት ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በ85 ሰባት ሜትር፣ በ200 ደግሞ ወደ 17 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በምስሉ ቁመት ውስጥ እንዲገባ የተፈለገው ሁለት ሜትር በሌንሱ ቁጥር ተባዝቶ ለ24 ይካፈላል።

እነዚህን ርቀቶች በልብ ይዞ ሂርማታ ገበያ መግባት ነው። የሐሙስ ገበያው ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስመ ጥር በነበረው በዚህ ሥፍራ፣ ማርና ኮረሪማ፣ ቡናና በርጩማ በሚሸጥባቸው መደዳዎች መካከል፣ ሰባት ሜትር ክፍት ቦታ ማግኘት ብርቅ ነው። ቢገኝም እንኳ ፎቶ አንሺው ዓይኑን ካሜራው ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ አንድ ተሸካሚ፣ አንድ የእጅ ጋሪ፣ ሁለት ገበያተኛ በመካከል ያልፋሉ። ስለዚህ 85 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለው ሌንስ፣ ለመልክ ፎቶ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በገበያ ውስጥ ሥራ ፈት ይሆናል። በፈረንጅ አራዳ በኩል መንገዱ ሰፋ ስለሚል 50 በምቾት ይሠራል። ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ ደግሞ ሰውና ከበስተጀርባው ያለው አረንጓዴ ኮረብታ አብረው እንዲታዩ ስለሚፈለግ ከ28 እስከ 35 ያለው ይመረጣል።

ብዙ ጀማሪ በዚህ ነጥብ ላይ አይስማማም። ረጅም ሌንስ ቢኖረኝ ሰው ሳያየኝ አነሳ ነበር የሚል ሐሳብ አለው፤ ሐሳቡም ከክፋት ሳይሆን ከይሉኝታ የመጣ ነው። ውጤቱ ግን የታሰበውን አይሆንም። በመጀመሪያ ደረጃ እንደ ቱቦ የረዘመ ነጭ ወይም ጥቁር ሌንስ ከሩቅ ይታያል፤ ከሕንጻ ጥግ ሆኖ እንዲህ ያለ ሌንስ የሚደግን ሰው፣ ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» ብሎ ትንሽ ካሜራ ከያዘው ሰው ይልቅ ጥርጣሬን ይጋብዛል። በሁለተኛ ደረጃ የቅርብና የሩቅ ነገሮች በፎቶው ላይ የሚኖራቸው የመጠን ግንኙነት የሚወሰነው በቆምንበት ርቀት ነው። ከማር ሻጯ ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ የሚያነሳ ሰው እጇን፣ ቅሏንና ሚዛኗን ጎላ አድርጎ፣ ከኋላዋ ያለውን ግርግር ደግሞ አሳንሶ ያሳያል፤ ፎቶውን የሚያይ ሰውም ገበያው መካከል የቆመ ይመስለዋል። ከ17 ሜትር የተነሳው ፎቶ ሻጯንና ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል፤ ተመልካቹም ሩቅ ሆኖ እንደሚመለከት ይሰማዋል። ይህ ስሜት ለአንዳንድ ሥራ ይጠቅማል፤ የመንገድ ላይ ፎቶን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያቀዘቅዘዋል።

ከይሉኝታ ሌላ ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ በቁጥር 28 ደግሞ ሰውየው የታወቀ ወይም የሕዝብ ሥልጣን ያለው ሲሆን፣ ለፍትሕ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ወይም የሕዝብን ጥቅም ከሚነካ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይገልጻል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ድንበር በየጉዳዩ የሚያከራክር ነው። ቅርብ ቆሞ የሚያነሳ ሰው ካነሳ በኋላ ፎቶውን አሳይቶ ፈቃድ ለመጠየቅ ይችላል፤ ከመንገዱ ማዶ ያነሳ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

እንግዲህ ምርጫው በ28፣ በ35 እና በ50 መካከል ይሆናል። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርትዬ ብሬሶን በላይካ ካሜራው ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አድርጎ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ፣ አሜሪካዊው ጋሪ ዊኖግራንድ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰው መካከል ገብቶ ያነሳ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ትክክለኛ ቁጥር አለ ብሎ መከራከር አያዋጣም። 28 ብዙ ነገር ወደ ፎቶው ስለሚያስገባ ያንን ሁሉ የማደራጀት ችሎታ ይጠይቃል። 50 ደግሞ የማያስፈልገውን ቆርጦ ለማስቀረት ይመቻል፤ ነገር ግን ለመራቂያ ቦታ ይፈልጋል። በእኔ አመለካከት ጅማ ውስጥ ለሚጀምር ሰው 35 ወይም በዚያ አካባቢ ያለ ሌንስ ይበጃል፤ ሦስት ሜትር ሰላምታ ለመለዋወጥ የሚበቃ፣ ሥራ የያዘውን ሰው ግን የማያውክ ርቀት ነውና። በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ሰፊ ሌንስ ለምዷል፤ የአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ካለው ሌንስ ጋር የሚመጣጠን እይታ አለው። በስልኩ ሲያነሳ ሁልጊዜ ቀረብ ማለት የሚያምረው ሰው 28ን አይፈራም፤ ሁልጊዜ በጣቱ እየጎተተ የሚያቀርብ ሰው ግን ወደ 40 እና 50 ቢሄድ ይሻለዋል።

እስካሁን የተጠቀሱት ቁጥሮች ሁሉ የፉል ፍሬም ናቸው። እዚህ አገር በብዛት ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩት ካሜራዎች ግን ክሮፕ ሴንሰር የሚባል አነስ ያለ ሴንሰር አላቸው፤ ትንሽ ሴንሰር ሌንሱ ከሚያመጣው ምስል መካከለኛውን ብቻ ስለሚወስድ እይታው ይጠባል። በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂፊልም ክሮፕ ካሜራዎች የሌንሱ ቁጥር በ1.5፣ በካኖን በ1.6 ይባዛል፤ ማይክሮ ፎር ሰርድስ በሚባሉት በ2 ይባዛል። ገንዘብ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ማባዣ ሲዘነጋ ነው። ካኖን ክሮፕ ካሜራ የያዘ ወጣት ጓደኞቹ «ሃምሳውን ግዛ» ይሉታል፤ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ መለኪያ ነው) ሌንስም ርካሽ፣ 160 ግራም ብቻ የሚመዝንና ምስሉ ጥርት ያለ በመሆኑ ምክሩ ያሳምነዋል። በዚያ ካሜራ ላይ ግን ሃምሳው የ80 ሚሊ ሜትር እይታ ይሰጣል፤ የቆመ ሰው ሙሉ በሙሉ እንዲገባም ሰባት ሜትር ያህል መራቅን ይጠይቃል። ለመልክ ፎቶ ግሩም ነው፤ ለሂርማታ መደዳ አይሆንም። ለዚያው ካሜራ የተሠራው 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ስስ ሌንስ ክብደቱ 125 ግራም ሲሆን የ38 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ስላለው ለዚህ ሥራ እጅግ የተሻለ ነው። በኒኮን ክሮፕ ካሜራ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከ52 ጋር ይቀራረባል፤ በፉጂፊልም 23ቱ የ35ን፣ 18ቱ ደግሞ የ27ን እይታ ይሰጣሉ።

ምንም ሌንስ ከመግዛት በፊት ግን ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18–55 ዙም ሌንስ ሊናቅ አይገባም። በካኖን ላይ ከ29 እስከ 88 ሚሊ ሜትር ያለውን እይታ ስለሚያዳርስ መፈተኛ ሆኖ ያገለግላል። ጥቂት ሳምንት በነጻነት ካነሱበት በኋላ በኮምፒውተር ላይ የእያንዳንዱን ፎቶ ዝርዝር መረጃ ከፍቶ የተወደዱት ፎቶዎች በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ መመልከት ይቻላል። ቁጥሮቹ ወደ አንድ ወገን የሚሰበሰቡ ከሆነ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። ካልተሰበሰቡም የዙሙን ቀለበት 24 ላይ በፕላስተር አስሮ መለማመድ፣ ዓይን ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ፎቶው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንዲያውቅ ያደርጋል። የዙም ችግር የምስል ጥራት ሳይሆን ይህ ልማድ እንዳይዳብር ማድረጉ ነው፤ ቀለበቱ ሲዞር ቅጽበቱ ያልፋል።

ቅጽበት እንዳያልፍ ከሌንሱ ቁጥር እኩል የሚያስፈልገው ፎከስን፣ ማለትም ምስሉ ጥርት የሚልበትን ርቀት፣ አስቀድሞ የመወሰን ስልት ነው፤ ትንሽ ቁጥር ያላቸው ሌንሶች የሚመረጡበት ሌላው ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፣ ሲጠብ (ቁጥሩ ወደ ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 ሲወጣ) ከፊትና ከኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ይሰፋል። በካኖን ክሮፕ ካሜራ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ተደርጎ ፎከሱ 2.5 ሜትር ላይ ቢቆለፍ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሰባት ሜትር ያለው ሁሉ በሚያጠግብ ጥራት ይወጣል። ፎቶ አንሺው ከዚያ በኋላ ፎከስ የሚባል ነገር አያስብም፤ ካሜራውን ያነሳል፣ ይጫናል። 18 ሚሊ ሜትር ላይ ፎከሱ ከሁለት ሜትር ጥቂት አለፍ ቢል ከአንድ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ጥርት ይላል። በፉል ፍሬም ላይ ያለ 50 ሚሊ ሜትር ግን በዚያው ኤፍ 8 እስከ አድማስ ለማዳረስ ፎከሱ አሥር ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ከአምስት ሜትር በታች ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ትንሽ ሴንሰር በማታ ብርሃን የሚያሳየው ድካም በቀን እንዲህ ባለ ጥቅም ይካካሳል፤ ፉል ፍሬም መግዛት ያልቻለ ሰው ለመንገድ ላይ ፎቶ የሚያጣው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው።

የርቀት ቁጥር የተጻፈባቸው የፊልም ዘመን ሌንሶች ለዚህ ስልት ምቹዎች ናቸው። በብዙዎቹ አዳዲስ ሌንሶች ላይ ቁጥሩ ስለማይጻፍ፣ ሁለት ሜትር ተኩል በሚርቅ ዕቃ ላይ በአውቶፎከስ (ካሜራው ራሱ በሚያስተካክለው ፎከስ) አነጣጥሮ ከዚያ ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) መቀየር ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ ትኩረቱን ሊለቁ ስለሚችሉ መልሶ ማረጋገጥ ነው። የሪኮ ጂአር ካሜራዎች የመጫኛው ቁልፍ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሲጫን አስቀድሞ በተሰጣቸው ርቀት ላይ የሚያነሱበት ሥርዓት አላቸው፤ በመንገድ ላይ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ከተወደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ኤፍ 8 ላይ መሥራት የሚቻለው ግን ብርሃን እስካለ ድረስ ነው። ጅማ በጠራ ቀን ፀሐይዋ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ አናት ላይ ትወጣለች፤ በዚያ ጊዜ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400 እና ኤፍ 8 ተደርጎ የሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ፍጥነት አንድ ሺህ ስድስት መቶኛ ሰከንድ ይደርሳል፤ ይህ በአጠገብ የሚበርን ባጃጅ ሳይቀር ያቆማል። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሲገባ ግን ብርሃኑ እስከ አሥራ ስድስት እጥፍ ሊቀንስ ስለሚችል፣ በዚያው ኤፍ 8 የሚራመድ ሰው እንዳይደበዝዝ አይኤስኦውን ወደ 1600 ማውጣት ግድ ይላል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ረጅም የዝናብ ወቅት ደመናው ቀኑን ሙሉ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ጥላ ስለሌለ ፊት በደንብ ይታያል፣ የነጠላ ነጭነትም አያሳውርም፤ ካሜራው ግን አይኤስኦ 1600 እና 3200 ላይ ያለ ቅሬታ መሥራት አለበት። ባለፉት አሥር ዓመታት የተሠራ ማንኛውም ክሮፕ ካሜራ ይህን ይችላል። በሰማያዊና በብርቱካናማ ሸራ ሥር የሚነሳ ፊት የሸራውን ቀለም ስለሚይዝ በኋላ ለማስተካከል እንዲመች ፎቶው በሮው ፋይል (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) መቀመጥ ይኖርበታል፤ ሮው የማያስቀምጥ ካሜራ ባይገዛ ይመረጣል።

ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ የሚፈለገው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። እኛ ባለንበት የምድር ክፍል ፀሐይ ከገባች በኋላ ቶሎ ይጨልማል፤ የሱቅ መብራት ብቻ ሲቀር በኤፍ 2፣ በአንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ እና በአይኤስኦ 3200 መሥራት የሚቻልበት ቦታ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ ኤፍ 4 ላይ ስለሚቆም አይኤስኦ 12,800 ይጠይቃል። ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ኤፍ 1.8 አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ማታ ማታ ለማንሳት የማይወጣ ሰው ግን ለኤፍ 1.4 ሌንስ የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብና የሚሸከመው ክብደት ፋይዳው ትንሽ ነው።

ወደ ካሜራው ስንመጣ ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ። ዲኤስኤልአር ትልቅ ነው፤ በውስጡ ያለው መስታወት ሲነሳ ድምፅ ያሰማል፤ በአንጻሩ በርካሽ ይገኛል፣ ባትሪውም ብዙ ይቆያል። ይህ መስታወት የሌለው ሚረርለስ አነስ ይላል፤ ያለ ድምፅም ያነሳል። ሌንሱ የማይፈታ ትንሽ ካሜራ ደግሞ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ያህል ይስማማል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪኮ ጂአር 3 ከነባትሪው 257 ግራም ይመዝናል፣ የ28 ሚሊ ሜትር እይታ አለው፣ በጃኬት ኪስ ይገባል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ 100 6 ደግሞ 521 ግራም ሲሆን የ35 ሚሊ ሜትር እይታና ኤፍ 2 ሌንስ አለው። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ እንደ እኔ ከሆነ ይህን ሥራ አንድ ዓመት ላልሞከረ ሰው አልመክራቸውም። ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከ24 ሚሊ ሜትር ስስ ሌንስ ጋር አብዛኛውን ያደርጋል፤ ሰፊ ማንገቻና ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ሌንስ ከሌለው ደግሞ የጋዜጠኛ ዕቃም አይመስልም። በሚረርለስ ድምፅ አልባ ሸተር ለሚሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፣ በዚህም ምክንያት ፎቶው ላይ አግድም መስመሮች ይታያሉ። ሸተሩን ወደ አንድ መቶኛ ወይም ሃምሳኛ ሰከንድ ማውረድ ወይም ወደ ሜካኒካል ሸተር መመለስ ችግሩን ያቃልለዋል።

የመብራት ነገር ከተነሳ፣ ሪኮ ጂአር 3 በአንድ ባትሪ 200 ያህል ፎቶ ብቻ ሲያነሳ፣ ዲኤስኤልአር ስክሪኑ ተዘግቶ በቪው ፋይንደሩ (በዓይን ማያው ቀዳዳ) ብቻ ሲሠራበት ከዚያ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሄዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ወይ ትርፍ ባትሪ ይያዝ፣ ወይ በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ የሚሞላ ካሜራ ይምረጥ።

ለጅማ ሰው ከዚህም የሚያሳስበው እርጥበት ነው። ሌንስ ወራት ሙሉ በቆዳ ማኅደር ወይም በቁም ሣጥን ተዘግቶ ከቆየ በውስጡ ባሉት መስተዋቶች ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የመስተዋቱን ሽፋን ከበላው ደግሞ ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል። እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ከሌንሱ ጋር በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ማኖር፣ ሌንሱንም በየጊዜው አውጥቶ መሥራት ይከላከለዋል። ሪኮ ጂአር 3ም ሆነ አብዛኛው የጀማሪ ዲኤስኤልአር ውኃ እንዳይገባበት የተደፈነ አይደለም፤ አዌቱ ወንዝ ዳር ድንገት ለሚወርድ ዝናብ ካሜራውን የሚሸፍን የፕላስቲክ ከረጢት በኪስ አይጥፋ።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የስልኩን ባትሪ አብርቶ በሌንሱ በኋላ በኩል አሳልፎ ይመልከት፤ ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ምንም አይደለም፣ የድር ቅርጽ ያለው ነገር ካለ ግን አይግዛ። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 አድርጎ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ቢያነሳ ሴንሰሩ ላይ ያለው ቆሻሻ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ የጀማሪ ዲኤስኤልአሮች ሸተር አብዛኛውን ጊዜ ለ100,000 ጊዜ ያህል ታስቦ ስለሚሠራ፣ በሠርግ ቤት ዓመታት ያሳለፈ ካሜራ ወደዚህ ቁጥር ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ደጅ ወጥቶ፣ ሦስት ሜትር ላይ ያለን ነገር በአውቶፎከስ ደጋግሞ አንስቶ፣ ፎቶዎቹን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ይይ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።